ትኬቱ 41 ዩሮ፣ መንገዱ 54፦ ከብራስልስ ሚላኖ በርካሽ በረራ

እህቴ ሚላኖ የመጀመሪያ ልጇን ስትገላገል እኔ ብራስልስ የሌሊት ተራ ላይ ነበርኩ። የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው። መልእክቷ ሲገባ የአንዲት አሮጊት አልጋ እያነጠፍኩ ነበር፤ «ሚሚዬ፣ በሰላም ተገላገልኩ። መቼ ትመጪያለሽ?» ይላል። ጠዋት ከሥራ ወጥቼ ሜትሮ ውስጥ ቆሜ ስልኬ ላይ ትኬት ፈለግኩ። መሄጃው 17.99፣ መመለሻው 22.99 ዩሮ። እዚያው ገዛሁና «እታለም፣ ማክሰኞ ጠዋት እደርሳለሁ» ብዬ ጻፍኩላት።

ከዚያ ወዲህ ባለው አንድ ዓመት አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አራቱ በርካሽ አየር መንገድ፣ አንዱ በመደበኛ። ወጪዬን ሁሉ በትንሽ ደብተር እመዘግባለሁ፤ ደሞዜ ያለ ሂሳብ የሚያዝ አይደለም። ይህን የምጽፈውም ከዚያ ደብተር ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ዘመዱ በየከተማው ተበትኖበት በርካሽ ትኬት ለሚመላለስ ሰው ይጠቅማል ብዬ።

የመጀመሪያው ጉዞ ሂሳብ እንዲህ ነው። ትኬት ደርሶ መልስ 40.98 ዩሮ። ከብራስልስ ሚዲ ጣቢያ እስከ ሻርለሯ ኤርፖርት አውቶቡስ፣ ደርሶ መልስ 30። ከቤርጋሞ ኤርፖርት እስከ ሚላኖ ማዕከላዊ ጣቢያ አውቶቡስ፣ ደርሶ መልስ 20። የሚላኖ ሜትሮ ሁለት ጊዜ፣ 4.40። ድምሩ 95.38። አልፕስን አሻግሮ የወሰደኝና የመለሰኝ አውሮፕላን 41 ዩሮ ሳይሞላ፣ መሬት ለመሬት የሄድኩበት 54.40 ወሰደብኝ። እኔ ደግሞ ቤቴ ሴንት ዢል ስለሆነ እስከ ሚዲ በእግሬ ነው የምሄደው። ከከተማው ሌላ ጫፍ የሚመጣ ሰው በዚያ ሌሊት ታክሲ ይጨመርበታል።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ትኬቱ ላይ በረራው አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ይላል። እኔ ከቤቴ የወጣሁት ከሌሊቱ 9:50 ነበር፤ የእህቴን በር ያንኳኳሁት ከረፋዱ 4:10። ስድስት ሰዓት ከሃያ። ስለዚህ ሰው «ሚላኖ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ የበረራውን ሰዓት መናገር ትቻለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከኤርፖርቶቹ ስም ነው። ሻርለሯ በወረቀት ላይ «ብራስልስ ደቡብ» ይባላል እንጂ ያለው ከብራስልስ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ርቆ በሌላ ከተማ ዳር ነው። ቤርጋሞም ራሱን የቻለ ከተማ ነው፤ ኤርፖርቱ ኦሪዮ አል ሴሪዮ ይባላል፤ ከሚላኖ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ሽያጩ ላይ ግን «ሚላኖ ቤርጋሞ» ተብሎ ይጻፋል። እነዚህ ገና ደህናዎቹ ናቸው። «ፍራንክፈርት ሃን» ድሮ የአሜሪካ ጦር አየር ሰፈር የነበረ ቦታ ነው፤ ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የሙኒክ ተብሎ የሚሸጠው ሜሚንገን 110፣ የኦስሎ የሚባለው ቶርፕም 110 ገደማ፣ የፓሪሱ ቦቬ 80 እና ከዚያ በላይ። ስሙን አይቶ የሚገዛ ሰው ካርታውን ከፍቶ ሁለቱን ነጥቦች ካላየ የገዛው የሌላ ከተማ ትኬት ነው። ይህን አጥብቄ የምለው ዘመዶቼን ተቀብዬ፣ ሸኝቼም ስላየሁት ነው።

ርካሽ የሆኑበት ምክንያት ግን ተንኮል ብቻ አይደለም፤ ይህንንም መናገር ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ማንኛውም የአውሮፓ ኅብረት አየር መንገድ በማንኛውም አባል ሀገር ውስጥ መብረር ተፈቀደለት። ርካሹ የአየርላንድ አየር መንገድ ራያንኤር በራሱ ሀገር እንደሚበር ሁሉ ከቤልጂየም ተነስቶ ጣሊያን ያርፋል፤ የማንንም መንግሥት ፈቃድ መለመን የለበትም። ራያንኤር በአብዛኛው የሚያበረው ቦይንግ 737ን፣ ሌሎቹ ርካሽ አየር መንገዶች ዊዝ ኤርና ኢዚጄት ደግሞ የኤርባስ ኤ320 ዓይነት አውሮፕላኖችን ነው፤ አብራሪውም መካኒኩም አንድ ነገር ብቻ ያውቃል፣ መለዋወጫውም አንድ ነው። አውሮፕላኑ አርፎ መንገደኛ አውርዶ፣ ሌላ ጭኖ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይነሳል። ወንበሩ ወደ ኋላ አይዘነበልም፤ ለአንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ደግሞ እኔ አልተቸገርኩበትም። ሌላው ቁጠባ ደግሞ ከከተማ የራቀው ኤርፖርት የሚያስከፍለው ትንሽ መሆኑ ነው። ኩባንያው በዚያ ከሚቆጥበው ገንዘብ አንዱን ክፍል እኔ በአውቶቡስ ትኬት እከፍለዋለሁ ማለት ነው።

በረራውን ራሱን እወደዋለሁ። የጠዋቱ ሲሆን በግራ በኩል መስኮት ከደረሰኝ ፀሐይዋ በአልፕስ በረዶ ላይ ስትወጣ አያለሁ። የሌሊት ተራ ሠርቼ ዓይኔ እየተከደነ እንኳ ለዚያ አሥር ደቂቃ አልተኛም። አስተናጋጆቹም ሥራቸውን ፈጠን አድርገው በደንብ ይሠራሉ። ንጽሕናው ጥሩ ነው። ስለዚህ ቅሬታዬ አውሮፕላኑ ላይ አይደለም፤ ከአውሮፕላኑ በፊትና በኋላ ያለው ላይ ነው።

ሻንጣ። በነጻ የሚፈቀደው ከፊት ወንበር ሥር የሚገባ አንድ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው። ራያንኤር እ.ኤ.አ. በ2025 ልኩን ወደ 40 በ30 በ20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎታል፤ የዊዝ ኤርም ያው ነው፤ ኢዚጄት 45 በ36 በ20 ይፈቅዳል። ልኩ እጀታውንና ጎማውን ይጨምራል። ጎማ ያለው ቦርሳ የሚያስቀረው ቦታ ብዙ ስለሆነ እኔ ጎማ የሌለው፣ ጨርቁ የሚተጣጠፍ የጀርባ ቦርሳ ገዛሁ። ቤት ውስጥ በሜትር እለካዋለሁ፤ ሞልቼ ነው የምለካው፣ ባዶውን ሳይሆን። ለሕፃኑ የገዛሁትን ልብስ ሁሉ ጠቅልዬ፣ ካፖርቴን ለብሼ፣ የቀረውን በካፖርቱ ኪስ ይዤ እስካሁን ተጨማሪ ከፍዬ አላውቅም። ትልቅ ሻንጣ የሚያስፈልገው ሰው ግን ትኬቱን ሲገዛ አብሮ ይግዛው። በር ላይ ሲደርስ የሚጠየቀው ዋጋ ከትኬቱ ይበልጣል።

ቼክ ኢን ቤት ሆኖ በስልክ መደረግ አለበት። ራያንኤር ኤርፖርት ደርሶ ቼክ ኢን ለሚያደርግ 55 ዩሮ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2025 ወዲህ ደግሞ የወረቀት ቦርዲንግ ፓስ አትሞ መምጣት ቀርቷል፤ ሁሉም በስልክ አፕ ነው። ቼክ ኢን አድርጎ ስልኩ ለሞተበት ግን ኤርፖርቱ ላይ በነጻ ወረቀት ይሰጡታል። ይህን እናቶቻችንን የምንሸኝ ሁሉ ማወቅ አለብን፤ ስልካቸው ላይ አፑን ጭኖ፣ ከፍቶ አሳይቶ፣ እንዴት እንደሚከፈት አለማምዶ መላክ ያስፈልጋል።

የኛን ፓስፖርት ለያዘ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ ቢኖር ይህን ያስታውስልኝ። የአውሮፓ የመኖሪያ ካርድ ብቻውን የጉዞ ሰነድ አይደለም። በሼንገን ሀገሮች መካከል ስንበር ፓስፖርቱም ካርዱም አብረው መያዝ አለባቸው፤ ሁለቱም ጊዜያቸው ያላለፈ። አንዳንዶቹ ርካሽ አየር መንገዶች ደግሞ የአውሮፓ ዜግነት የሌለው መንገደኛ ከፍተሻው በፊት ወደ ጠረጴዛቸው ሄዶ ሰነዱን እንዲያሳይ ይጠይቃሉ። ይህን ያላደረገ ሰው ጌቱ ላይ ይመለሳል።

በሦስተኛው ጉዞዬ ጌቱ ላይ ተሰልፈን ሳለ ከፊቴ ነጠላ የለበሱ እናት ነበሩ። ሠራተኛዋ ስልካቸውን አየችና ወደ ጎን እንዲቆሙ በእጇ አሳየቻቸው። ምን እንደተባሉ አልገባቸውም። ዞር ብለው አዩኝ፤ ገባኝ።

«ልጄ፣ ምን አጠፋሁ? ምን ትለኛለች?»

«ምንም አላጠፉም፣ እማማ። ፓስፖርትዎን እታች ቀድመው ማሳየት ነበረብዎት። ይምጡ፣ አብረን እንሂድ።»

«አንቺንም ጥሎሽ ይሄዳል እኮ!»

«አይሄድም፤ ይምጡ።»

ጌቱ ሊዘጋ ሃያ ሦስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ተያይዘን ወረድን። ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ሴት ፓስፖርታቸውንና የልጃቸውን ሀገር የመኖሪያ ካርድ አይታ፣ ኮምፒውተሯ ላይ ነክታ፣ በአንድ ደቂቃ ጨረሰች። አንድ ደቂቃ ነው የፈጀው። ፍተሻውን ግን እንደ ገና ማለፍ ነበረብን፤ ሰልፉ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ሳንለምናቸው አሳለፉን። ስንደርስ አራት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ወንበራችን በተለያየ ረድፍ ስለነበር አላወራንም፤ ስንወርድ ግን ደረጃው ሥር ቆመው ጠብቀውኝ ግንባሬን ሳሙኝ። ልጃቸው ትኬቱን ሲገዛላቸው ይህን አንድ ነገር ቢነግራቸው ኖሮ ያ ሁሉ ድንጋጤ አይኖርም ነበር።

ከሼንገን ውጪ የሚሄድ ደግሞ ይጠንቀቅ። የቤልጂየም ወይም የጣሊያን ካርድ እንግሊዝም አየርላንድም አያስገባም። ሁለት ትኬት ለየብቻ ገዝቶ ለንደን ስታንስቴድ ላይ አውሮፕላን ለመቀየር ያሰበ ሰው እንኳ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ወደ ሀገሩ መግባት ስላለበት ቪዛ ያስፈልገው እንደሆነ አስቀድሞ ያጣራ። ለየብቻ የተገዛ ትኬት ሌላም ችግር አለው፤ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ ማንም አይጠየቅበትም። ዊዝ ኤርና ራያንኤር የሚሸጡት በመሠረቱ ከአንድ ከተማ ወደ አንድ ከተማ የሚደረግ ጉዞ ነው።

አሁን ወደ ሰዓት ልመለስ፤ ራሴ የከፈልኩበት ነው። ርካሹ ትኬት ብዙ ጊዜ ወይ ገና ሌሊት ሳለ የሚነሳ ወይ እኩለ ሌሊት አካባቢ የሚያርፍ ነው። አንድ ዓርብ ምሽት በነሱ አቆጣጠር 23:20 የሚያርፍ በረራ ገዛሁና ለ00:15 አውቶቡስ ትኬት ቆረጥኩ። እኛ ዘንድ ያ ሰዓት ዓርብ ሌሊት ነው፤ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው። እነሱ ዘንድ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቅዳሜ ገብቷል። እኔ የመረጥኩት ቀን ዓርብ ነበር፤ ትኬቴ ሃያ አራት ሰዓት ቀድሞ ተቃጥሏል። ሾፌሩ ስልኬን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ እንደ አዲስ ከፈልኩ። ገንዘቡ ትንሽ ነበር፤ ይኸው ስሕተት አውሮፕላኑ ላይ ቢሆን ግን ትልቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ደብተሬ ላይ ሁለቱንም እጽፋለሁ፦ የነሱን ቁጥር፣ ከሥሩ «ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:15»።

ማታ የሚያርፍ በረራ ከመግዛታችን በፊት የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ማየት ግዴታ ነው። ከቤርጋሞ ወደ ሚላኖ ብዙ ኩባንያዎች ስለሚመላለሱ ቀን ላይ ሰው አይቸገርም። ከጣቢያ እስከ ጣቢያ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ጠዋትና ማታ ግን ኤ4 የሚባለው አውራ ጎዳና በመኪና ይጨናነቃል። ስመለስ የከሰዓት በረራ ከሆነ አንድ ሰዓት ሙሉ ጨምሬ ነው የምወጣው። መንገዱ ከተዘጋ ሌላ መውጫ አለ፦ ከኤርፖርቱ የቤርጋሞን የከተማ አውቶቡስ ቁጥር 1 ይዞ ወደ ባቡር ጣቢያው፣ ከዚያ በባቡር ሚላኖ ማዕከላዊ። ባቡሩ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ትራፊክም አያውቅም። በሻርለሯም በኩል እንደዚሁ በባቡር እስከ ሻርለሯ ከተማ ሄዶ የአካባቢውን አውቶቡስ መያዝ ይቻላል፤ ለሌሊቱ በረራ ግን አይደርስም።

መዘግየትን በተመለከተ መብታችን ጠንካራ ነው፤ ብዙዎቻችን አንጠቀምበትም። የአንድ በረራዬ አውሮፕላን ተበላሽቶ አራት ሰዓት ከሩብ ዘገየ። የኩባንያውን ስም አልጽፍም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ለሆነ በረራ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ለደረሰ መንገደኛ 250 ዩሮ ካሳ ይሰጣል። ትኬቱ በስንት ተገዛ አይባልም፤ የኔ 31 ዩሮ ነበር። የሚቆጠረው ጎማው መሬት የነካበት ሳይሆን የአውሮፕላኑ በር የተከፈተበት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ በሩ ሲከፈት ስልኬን አውጥቼ ሰዓቱን ፎቶ አነሳሁ። ከሁለት ሰዓት በላይ ስንጠብቅ ምግብና መጠጥ ማቅረብም ግዴታቸው ነው። መጥፎ አየር ወይም የበረራ ተቆጣጣሪዎች አድማ ከሆነ ካሳው አይከፈልም፤ ምግቡ ግን አይቀርም።

ጻፍኩላቸው። «የቴክኒክ ብልሽት ስለሆነ ከአቅማችን በላይ ነው» የሚል መልስ መጣ። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ግን አብራኝ የምትሠራ ልጅ የአውሮፓው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ተራ የቴክኒክ ብልሽት ምክንያት እንደማይሆን መወሰኑን ነገረችኝ። ሁለተኛውን ደብዳቤ ደንቡንም ውሳኔውንም ጠቅሼ ጻፍኩ። በዘጠነኛው ሳምንት 250 ዩሮው ባንኬ ገባ። በመካከል ሆነው ካሳውን እናስከፍላለን የሚሉ ድርጅቶች አሉ፤ ከገንዘቡ ትልቅ ድርሻ ይወስዳሉ፤ ራስን ችሎ በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ መሙላት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

አሁን አምስተኛውን፣ በመደበኛ አየር መንገድ የሄድኩበትን ልንገራችሁ። ከብራስልስ ዋና ኤርፖርት ከዛቨንተም ተነስቼ ሊናቴ የሚባለው የሚላኖ ኤርፖርት አረፍኩ። ዛቨንተም ከሚዲ በባቡር ሃያ ምናምን ደቂቃ ነው፤ የኤርፖርቱ ጣቢያ ተጨማሪ ክፍያ ስላለበት ባቡሩ ደርሶ መልስ 22 ዩሮ ያህል ወሰደብኝ። ሊናቴ ሚላኖ ከተማው ሥር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ኤም 4 የሚባለው ሜትሮ ከኤርፖርቱ በር መሃል ከተማ እስካለው ሳን ባቢላ ጣቢያ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ያደርሳል። ሳን ባቢላ ላይ ወደ ቀዩ መስመር ቀይሬ በፖርታ ቬኔዚያ በኩል፣ ያ የኛ ሰው ሁሉ የሚገናኝበት ሰፈር፣ ሎሬቶ እህቴ ዘንድ ወረድኩ። ያው 2.20 ዩሮ የከተማ ትኬት። ከቤት እስከ ቤት አራት ሰዓት ከሃያ።

የአውሮፕላን ትኬቱ 118 ዩሮ ነበር። ባቡሩና ሜትሮው ሲጨመር 144.40። ከርካሹ በ49 ዩሮ ይበልጣል፤ በደርሶ መልስ አራት ሰዓት ያተርፋል። ትኬቶቹን ብቻ ሳስተያይ ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ይመስለኝ ነበር፤ ከደጃፍ እስከ ደጃፍ ሲቆጠር ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ዕረፍት ላይ ሆኜ፣ ብቻዬን፣ ቀኑን ሙሉ ጊዜ ሲኖረኝ ቤርጋሞን እመርጣለሁ። በማግስቱ ሥራ ካለ፣ ወይም እህቴ ሕፃኑን ይዛ ስትመጣ፣ 49 ዩሮውን ሳልቆጭ እከፍላለሁ። ሕፃን ታቅፎ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አውቶቡስ መጠበቅ ለማንም አልመክርም።

ሌሎቹን ከተሞች ባጭሩ። ስቶክሆልም ወንድሜ ዘንድ ስሄድ ስካቭስታ አረፍኩ፤ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውቶቡሱ ግን ከበረራው ጋር ተናብቦ ይጠብቃል፣ ሙቀቱም ጥሩ ነው፣ ሰማንያ ደቂቃ ተኝቼ ደረስኩ። ኮፐንሃገን ሜትሮው ከተርሚናሉ ውስጥ ይነሳና በሩብ ሰዓት መሃል ከተማ ያደርሳል። ሊዝቦንም ኤርፖርቱ ከተማው ውስጥ ነው። ሉክሰምበርግ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የሕዝብ ማመላለሻ ለሁሉም ነጻ ስለሆነ ከኤርፖርት መውጫው ሳንቲም አይጠይቅም። በርሊን የሚሄድ ሰው ኤቢሲ የሚለውን የባቡር ትኬት ይቁረጥ፤ ኤርፖርቱ ያለው ሲ ክልል ውስጥ ነው፤ ኤቢ ይዞ የተገኘ 60 ዩሮ ይቀጣል። ፓሪስን ከብራስልስ በአውሮፕላን ማሰብ አያስፈልግም፤ ባቡሩ አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ ነው።

የእህቴ ልጅ በሚመጣው ወር አንድ ዓመት ይሞላዋል። ትኬቱን ቆርጫለሁ፤ ስሄድ ከሻርለሯ ቤርጋሞ በ19.99፣ ስመለስ ከሊናቴ ዛቨንተም በ64 ዩሮ፣ ያን ዕለት ማታ 3 ሰዓት ላይ ተረኛ ነኝና። «እታለም፣ ቅዳሜ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ በር ላይ ነኝ» ብዬ ጽፌላታለሁ። የቦርሳዬንም ልክ ትናንት ማታ፣ ለልጁ የገዛሁትን ጫማ ከነካርቶኑ አስገብቼ ለካሁት፤ ካርቶኑን ማውጣት ነበረብኝ፣ ጫማው ገባ።